ቁልፉን ማን አንቀሳቀሰው?

የምንጠቀምበት ብራውዘር መልኩ እንዴት ይወሰናል? ከቤታችንስ ጋር ምን ያገናኘዋል?

እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው። ቡናው ተጠጥቷል፣ ስኒው ገና አልታጠበም። እናት የትምህርት ቤት ፎርም ልትሞላ ላፕቶፑን ትከፍታለች። ብራውዘሩ ሌሊት አፕዴት አድርጎ አድሯል። ትናንት እዚህ ጋ የነበረው ቁልፍ ዛሬ የለም። ቀለሙ ተለውጧል፣ ከላይ የነበሩት ነገሮችም ቦታ ቀይረዋል።

«ምን ሆነ ይሄ? የሆነ ነገር ነካሁ መሰለኝ፤ አበላሸሁት!» ትላለች።

የ12 ዓመት ልጇ ከሶፋው ቀና ሳይል፣ «ኧረ እማዬ፣ እዚያው ጋ ነው! ስንቴ ላሳይሽ?» ይላታል። ቆይቶ ይመጣና ማውሱን ከእጇ ወስዶ ጠቅ ጠቅ አድርጎ ይመለሳል። ፎርሙ ይሞላል። እናት ግን ቁልፉ የት እንደገባ አሁንም አላወቀችም። የተረፋት ነገር ቢኖር «እኔ ለዚህ ነገር አልሆንም» የሚል ስሜት ነው።

በሰው አገር በሚኖር ቤተሰብ ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ልጅ አስተርጓሚ ነው፣ ደብዳቤ አንባቢ ነው፣ የኮምፒውተር ባለሙያውም እሱ ነው። ወላጅ በገዛ ቤቱ ተማሪ የሚሆንበት ሰዓት ይበዛል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንናገር፦ እናት ምንም አላበላሸችም። ቁልፉን ያንቀሳቀሰው ሰው አለ። ያ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ገምቶ፣ ከባልደረቦቹ ጋር ተከራክሮ፣ አንዳንዴም ተሳስቶ ነው ያንቀሳቀሰው። ይህን እንዴት አወቃችሁ ካላችሁን፣ ይህንን ሥራ በራቸውን ከፍተው የሚሠሩ ስላሉ ነው።

ከወረቀት ይጀምራል

ብራውዘር ድረ ገጽ የምናይበት ፕሮግራም ነው። ክሮም፣ ሳፋሪ፣ ኤጅ፣ ፋየርፎክስ ሁሉም ብራውዘሮች ናቸው። የምናነበው ገጽ ከውጭ ይመጣል። በዙሪያው ያለው ግን የብራውዘሩ የራሱ ነው፦ አድራሻ የሚጻፍበት ሳጥን፣ ወደኋላ የሚመልሰው ቀስት፣ ከላይ የሚደረደሩት ታቦች፣ ሦስት መስመር ያለው የሜኑ ምልክት። ይህን የፊት መልኩን «ገጽታ» እንበለው።

ገጽታ እንደ ወጥ ቤት ነው። ጨው የት እንዳለ በጨለማም ታውቁታላችሁ፤ እጃችሁ ራሱ ይሄዳል። አንድ ሰው ሌሊት ገብቶ ጨውንና ስኳርን ቢያቀያይር፣ ጠዋት ሻዩ ጨው ጨው ቢል ሙያ ስለሌላችሁ አይደለም።

ዲዛይነሮች አዲስ ገጽታ ሲያስቡ ብዙውን ጊዜ በእርሳስና በወረቀት ይጀምራሉ። ቀጥሎ በኮምፒውተር እውነተኛ የሚመስል፣ ግን የማይሠራ ሥዕል ይሠራሉ። ከዚያ ሲጫኑት ምላሽ የሚሰጥ የሙከራ ሥራ ያዘጋጃሉ። በመጨረሻ ከሥራው ጋር ግንኙነት የሌለውን ሰው ፊቱ ያስቀምጡና፣ «እስቲ ይህን ገጽ ዝጋው» ብለው ዝም ብለው ያያሉ። በዚህ ሙያ የታወቀ አንድ ደንብ አለ፦ ሰውየው ቁልፉን ካጣው፣ ጥፋተኛው ሥዕሉ እንጂ ሰውየው አይደለም።

ዘግቶ መሥራትና ከፍቶ መሥራት

ጉግል ክሮምን ለሕዝብ ያቀረበው በሴፕቴምበር 2008 ነው (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሥራው ለሰው የተነገረው ካለቀ በኋላ ነበር። አነጋገሩ ግን የሚያምር ነበር። ስኮት ማክላውድ የሚባል ታዋቂ የኮሚክስ ሠዓሊ 40 ገጽ ገደማ የሚሆን የሥዕል ታሪክ ሠራለት። እዚያ ውስጥ መሐንዲሶቹ ራሳቸው ተስለው፣ እያንዳንዱ ታብ ለምን ለብቻው እንደሚሠራና አንዱ ቢበላሽ ሌሎቹ ለምን እንደማይወድቁ ያስረዳሉ። ልጆች፣ ኮሚክስ የምትወዱ ከሆነ፣ ከባድ ነገር በሥዕል እንዴት እንደሚብራራ ከዚያ መማር ትችላላችሁ።

ፋየርፎክስ የሄደው በሌላ መንገድ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው በ1998 ነው፤ ያኔ ኔትስኬፕ የተባለው ኩባንያ የብራውዘሩን ውስጠኛ ኮድ ማንም እንዲያየውና እንዲያሻሽለው ለሕዝብ ከፈተው። ከዚያ ሞዚላ የሚባለው ፕሮጀክት ተወለደ፤ ፋየርፎክስ 1.0 ደግሞ በኖቬምበር 2004 ወጣ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረታችን እዚህ ላይ በደንብ ይሠራል። ኮዱ ክፍት ነው። የብልሽት መዝገቡም ክፍት ነው። ብዙ ጊዜ ገና ያላለቀው ሥዕልም ክፍት ነው።

ፋየርፎክስ 4 የወጣው በማርች 2011 ነው። ስቲቨን ሆርላንደር የተባለው ዲዛይነር የመጀመሪያዎቹን ሥዕሎች ያሳየው ግን በ2009 አጋማሽ ነበር። ብራውዘሩ ገና ሳይሠራ፣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው። ያውም አንድ ሥዕል ብቻ አልነበረም፤ ታቦቹ ከአድራሻው ሳጥን በላይ የሆኑበትም፣ በታች የሆኑበትም ነበር። ማንም እያየ የመሰለውን መናገር ይችላል።

ይህ ድፍረት ይጠይቃል። ያላለቀ ሥራ ማሳየት ማንንም ያሳፍራል። ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባል የለ? ስህተቱ በወረቀት ላይ እያለ ቢታይ፣ ለማረም ላጲስ ይበቃል። ሚሊዮኖች ኮምፒውተር ላይ ከገባ በኋላ ግን የሁሉም እናት ቁልፍ ይንቀሳቀሳል።

ታቦቹ ከላይ ወይስ ከታች?

ይህ ጥያቄ የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን ብዙ አከራክሯል። በ2010 አሌክስ ፋቦርግ የተባለ የሞዚላ ዲዛይነር፣ ታቦቹ ለምን ወደ ላይ እንደሚወጡ የሚያስረዳ ቪዲዮ ሠርቶ ለሁሉም አሳየ። ዋና ዋናዎቹ ነገሮች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ ታብ ስትቀይሩ አድራሻውም አብሮ ይቀየራል። እንግዲያው አድራሻው የታቡ አካል ስለሆነ፣ ከታቡ ስር መቀመጥ አለበት። በአንድ መሶብ ላይ ያለው እንጀራ የዚያው መሶብ እንደሆነ ሁሉ።

ሁለተኛው ከሳይንስ የመጣ ነው። ፖል ፊትስ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1954 እንዳሳየው፣ አንድን ነገር ቶሎ ለመንካት ሁለት ነገሮች ይወስናሉ፦ ርቀቱና ትልቅነቱ። የቀረበና ትልቅ የሆነ ነገር ቶሎ ይነካል። የስክሪኑ ጠርዝ ደግሞ ልዩ ጥቅም አለው። ማውሱን የቱንም ያህል ወደ ላይ ብትገፉት ቀስቱ ከስክሪኑ አያልፍም፤ ኳስ ግድግዳ ጋ ሲደርስ እንደሚቆመው ነው። ስለዚህ ከላይ ጠርዙ ላይ ያለ ታብ ሳይነጣጠር ሊነካ ይችላል። እጁ የሚንቀጠቀጥ አያት ይህን ጥቅም ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል።

በሌላ በኩል፣ ማውሱ ወደ ታቦቹ የሚሄድበት መንገድ ይረዝማል፤ ለዓመታት የለመደው እጅም ግራ ይጋባል። ይህም አልተደበቀም። በመጨረሻ ፋየርፎክስ 4 ታቦቹን ወደ ላይ አወጣ፣ ወደ ታች መመለስ ለሚፈልግም ምርጫ ተወለት። ያ ምርጫ በ2014፣ በፋየርፎክስ 29፣ ቀረ። ዛሬ የምታዩት አብዛኛው ብራውዘር ታቡ ከላይ ነው። ሁሌም እንዲህ የነበረ ይመስለናል እንጂ፣ ሰዎች ተከራክረው የወሰኑት ነው።

ልብ ብላችሁ ካያችሁ ሌላም አለ። በ2008 የወጣው ፋየርፎክስ 3 ወደኋላ የሚመልሰውን ቁልፍ ወደፊት ከሚወስደው አተለቀው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሰው ወደኋላ የሚመለሰው ወደፊት ከሚሄደው ይበልጥ ነው። አንዲት ቁልፍ ተለቅ ስትል ከጀርባዋ እንዲህ ያለ ሐሳብ አለ።

ያልተቆጠረው ሰው

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ዲዛይነሮች ውሳኔያቸውን ለመደገፍ ይቆጥራሉ። ተጠቃሚዎች የትኛውን ቁልፍ ስንት ጊዜ እንደተጫኑ ይመዘገባል። ጠቃሚ ነው። ግን መቆጠር ያልፈለገ ሰው አለ፣ ቁልፉ መኖሩን ያላወቀ ሰው አለ፣ ዝም ያለ ሰውም አለ።

በ2021 ፋየርፎክስ ፕሮቶን የሚባል አዲስ ገጽታ እያዘጋጀ ነበር። ታቦቹ ወፈር ብለው፣ ጥጋቸው ክብ ሆኖ፣ ሰፋ ያለ ቦታ ይዘው መጡ። በዚያው ጊዜ ኮምፓክት የሚባለውን ምርጫ ለማስወገድ ታሰበ። ኮምፓክት ቁልፎቹን ጠበብ አድርጎ ለገጹ ቦታ የሚተው ነው፤ ትንሽ ስክሪን ላለው ሰው ይመቻል። የተሰጠው ምክንያት ምርጫው በቀላሉ የማይገኝ ቦታ ላይ ስለሆነ ብዙ ሰው አይጠቀምበትም የሚል ነበር። ይህ ግምት ነበር፣ የተቆጠረ ነገር አልነበረም።

የብልሽት መዝገቡ ክፍት ስለሆነ ሰዎች አነበቡት። «እኔ እጠቀምበታለሁ፣ ላፕቶፔ ትንሽ ነው» የሚሉ ድምፆች በረከቱ። የማይገኝ ቦታ አስቀምጣችሁት፣ ሰው አላገኘውም ብላችሁ ልታጠፉት ነው ወይ? የሚል ጥያቄም ተነሳ። እውነትም ያስቆጫል፤ ጓዳ ውስጥ የተደበቀ ድስት ማንም አልሠራበትም ተብሎ አይጣልም።

መጨረሻው ምን ሆነ? ፋየርፎክስ 89 በጁን 2021 ሲወጣ ኮምፓክት አልጠፋም። አስቀድሞ ይጠቀምበት ለነበረ ሰው ቀረለት፣ ለአዲሱ ግን ተደበቀ፤ ድጋፍ እንደማይደረግለትም ተጻፈበት። ሁሉም ሰው አልረካም። ቢሆንም በሩ ዝግ ቢሆን ኖሮ ያ ምርጫ ማንም ሳያውቅ በአንድ ሌሊት በጠፋ ነበር።

የታቦች ነገር ደግሞ የበለጠ ያስተምራል። ፋየርፎክስ 4 ታቦችን በቡድን በቡድን መክፈል የሚያስችል ነገር ነበረው፤ የቤት ለብቻ፣ የሥራ ለብቻ። የሚጠቀምበት ሰው ጥቂት ነው ተብሎ በ2016 ወጣ። ሰዎች ግን መጠየቃቸውን አልተዉም። ሞዚላ ሐሳብ በሚቀበልበት መድረክ ላይ በብዙ ሰው ከተጠየቁት ነገሮች መካከል አንዱ ይኸው ሆነ። በ2025 የታብ ቡድን አዲስ መልክ ይዞ ተመለሰ። ሲወጣ የመመለስ ተስፋ አልነበረውም። የመለሰው የሰዎቹ ጥያቄ ነው።

እኛ ያደግነው «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» እየተባልን ነው። ለብዙ ነገር ጥሩ ምክር ነው። ለዚህ ግን አይሠራም። እዚህ ዝም ያለ ሰው እንደሌለ ይቆጠራል።

ፊደላችንም ጥያቄ አለው

ይህ እኛን የሚነካን እንደማንኛውም ተጠቃሚ ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ ፊደል ዓለም በሚጠቀምበት የኮምፒውተር መለያ፣ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም የራሱ አሠራር ነበረው። በአንዱ የተጻፈው በሌላው ባዶ ሳጥን ወይም ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። ድረ ገጽ ላይ አማርኛን እንደ ፎቶ አድርጎ መለጠፍም የተለመደ ነበር።

ዛሬ ፊደሉ ይታያል። ጥያቄው ግን አላለቀም። ሱ እና ሲ የሚለዩት በአንዲት ጭረት ነው፤ ጭረቷ መሃል ላይ ናት ወይስ ታች? ለላቲን ፊደል ታስቦ የተመጠነ ትንሽ ጽሑፍ ላይ ይህ ጭረት ይጠፋል። የዕድሜ መነጽር ለሚያደርጉ ወላጆች ደግሞ ይብሳል።

ሌላም አለ። በእንግሊዝኛ አንድ ቁልፍ ላይ የሚጻፈው ትእዛዝ ለወንድም፣ ለሴትም፣ ለትልቅ ሰውም አንድ ነው። በአማርኛስ? ዝጋ? ዝጊ? ይዝጉ? ኮምፒውተሩ ከማን ጋር እንደሚያወራ አያውቅም። ስለዚህ ተርጓሚው «መዝጊያ» ብሎ ቢጽፍ ይሻለው ይሆናል፤ ያኔ ደግሞ ቃሉ ይረዝምና ቁልፉ ላይ ቦታ ይጠባል። ካሊፎርኒያ የተቀመጠ ዲዛይነር ይህን ከየት ያውቀዋል? የሚያውቀው የሚነግረው ሰው ካለ ነው። ፋየርፎክስ ወደ ብዙ ቋንቋዎች የሚተረጎመው በአብዛኛው በበጎ ፈቃደኞች ነው። አማርኛና እንግሊዝኛ አጣርቶ የሚያውቅ ወጣት ቤታችሁ ካለ፣ ይህ ሥራ ለእሱ ወይም ለእሷ ክፍት ነው።

ልጆች፣ እስቲ ይህን ሞክሩ

ዲዛይነሮች የሚሠሩትን እናንተም ቤት ውስጥ መሥራት ትችላላችሁ። የሚያስፈልጋችሁ ወረቀት፣ እርሳስ፣ መቀስ እና አንድ ትልቅ ሰው ነው፤ አያት ከሆኑ በጣም ጥሩ።

1. ለአያታችሁ የሚሆን ብራውዘር ወረቀት ላይ ሳሉ። የሚጠቀሙባቸው ሦስት ነገሮች ምንድን ናቸው? ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የሚያዩበት ቪዲዮ? ከአገር ቤት ዘመድ ጋር የሚያወሩበት? ዜና? አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ አትገምቱ።

2. ቁልፎቹን ለየብቻ ቆርጣችሁ ወረቀቱ ላይ አስቀምጡ። እንዲህ ከሆነ ቦታ መቀየር ቀላል ነው።

3. አሁን «አያቴ፣ እስቲ ዜናውን ይክፈቱት» በሉ። በጣታቸው ወረቀቱን ይንኩ። እናንተ ኮምፒውተሩ ናችሁ፤ ሲነኩት ቀጣዩን ወረቀት ታወጣላችሁ።

4. በጣም ከባዱ ደንብ ይህ ነው፦ ምንም አትናገሩ። «እዚያ ጋ!» ማለት ክልክል ነው። ማውስ መቀማትም ክልክል ነው። የተሳሳተ ቦታ ከነኩ ጻፉት። የተሳሳተው ሥዕላችሁ ነውና አስተካክላችሁ እንደገና ሞክሩ።

ሦስት ጊዜ ከሞከራችሁ በኋላ የመጀመሪያውን ሥዕል ከመጨረሻው ጋር አስተያዩት። የተለወጠው ነገር ሁሉ ያስተማሯችሁ አያታችሁ ናቸው።

ለወላጆች በአጭሩ

ጽሑፉ ካነሰባችሁ፦ ኮንትሮል የሚለውን ቁልፍ ይዛችሁ የመደመር ምልክቱን ተጫኑ፤ ማክ ላይ ኮማንድን ይዛችሁ ነው። ገጹ ይተልቃል። በመቀነስ ምልክቱ ያንሳል።

ቁልፎቹን ራሳችሁ ማስቀመጥ ከፈለጋችሁ፦ ፋየርፎክስ ላይ ከላይ ያለውን ባዶ ቦታ በማውሱ ቀኝ ተጫኑና የማስተካከያውን ምርጫ ክፈቱ። ቁልፎቹን እየጎተታችሁ የሚመቻችሁ ቦታ አስቀምጡ። ክሮም ላይ ደግሞ ወደ መነሻ ገጽ የሚወስደውን የቤት ምልክት ከሴቲንግ ውስጥ ማውጣት ይቻላል።

«ብራውዘርህ አርጅቷል፣ እዚህ ተጫን» የሚል ነገር ድረ ገጽ ላይ ድንገት ቢመጣባችሁ አትጫኑ፤ ብዙ ጊዜ የአጭበርባሪ ሥራ ነው። እውነተኛው አፕዴት ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በብራውዘሩ በራሱ ሜኑ ውስጥ ነው።

የሚመጣውን ገጽታ ቀድማችሁ ማየት ከፈለጋችሁ፦ ፋየርፎክስ ናይትሊ እና ቤታ የሚባሉ የሙከራ ዓይነቶች አሉት፤ ናይትሊ በየቀኑ ይታደሳል። ክሮምም ቤታ አለው። ገና በሙከራ ላይ ስለሆኑ ሊበላሹ ይችላሉ፤ ባንክና የኢሚግሬሽን ጉዳይ በምትሠሩበት ብራውዘር ምትክ አትጠቀሙባቸው።

በመጨረሻ ወደዚያ እሁድ እንመለስ። እናት ላፕቶፑን ከፍታ ቁልፉን አጣችው። ልጁ በዚህ ጊዜ ከሶፋው ይነሳና አጠገቧ ይቀመጣል። ማውሱን አይነካም። «እማዬ፣ አንቺ የት ይሆናል ብለሽ ነው የፈለግሽው?» ብሎ ይጠይቃታል። እሷም በጣቷ ታሳየዋለች። እሱ ደግሞ ያንን ቦታ ያያል፤ እዚያ መሆን ነበረበት ብሎም ያስባል። ከዚያ ሁለቱ አብረው ይፈልጉታል። ሲያገኙት ማውሱ በእሷ እጅ ነው።